የጆንያው ኪሎ

ባለቤቴ ከቤት ስንወጣ የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። መኪናዋን ስታዪ እንዳትስቂ አለኝ፤ ሻጭ ደስታሽን ካየ ዋጋው ላይ ይጨምርበታል። እሺ አልኩት፣ ከልቤም ነበር። ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከቆርቆሮ ጥላ ስር የቆመችውን ነጭ የጭነት መኪና ሳይ ግን ጥርሴ ሁሉ ወጣ። ትንሽ ናት፣ ግን አዲስ ናት። የወንበሯ ላስቲክ ገና አልተገፈፈም። ጋቢናዋ ውስጥ ገብቼ መሪዋን ጨበጥኩ፣ መብራቷን አበራሁ፣ አጠፋሁ፣ እንደገና አበራሁ። በአርባ ሁለት ዓመቴ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ባለቤቴ ውጭ ቆሞ ጫማውን ያያል። ሻጩ ደግሞ እኔን ያያል።

እኔ ቡና ሰብሳቢ ነኝ። ከመስከረም ጀምሮ በሚዛን ከተማ ዙሪያ ካሉ ገበሬዎች ቀይ እሸት እየገዛሁ ያንኑ ቀን ለማጠቢያ ጣቢያ አስረክባለሁ። ቁም ነገሩ ያንኑ ቀን መድረሱ ነው፤ እሸት ካደረ ይሞቃል፣ ይሸታል፣ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ባለፈው ዓመት የተከራየሁት መኪና ጭቃ ፈርቶ ሳይመጣ ቀረና ሠላሳ ጆንያ እሸት መንገድ ዳር በሰበሰብኝ። ጆንያዎቹ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የራሴ መኪና ከሌለኝ ይህን ሥራ አልሠራም ብዬ የማልኩትም ያን ቀን ነው። ችግሩ፣ ለብድር የምናስይዘው ነገር አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ብሎኬት በብሎኬት ያቆምነው ቤታችን። መኪናዋ ለመስከረም መድረስ አለባት፣ ዕዳዋ ደግሞ ቤታችንን መብላት የለበትም።

ሻጩ ከጅማ መጥቶ ሚዛን ከተማ ላይ የመኪና መሸጫ የከፈተ፣ አፈ ቅቤ የሆነ ጎልማሳ ነው። መጀመሪያ በኤሌክትሪክ የምትሄደውን ሊሸጥልኝ ሞከረ። መብራት በሄደ ቁጥር እሸቴ መንገድ ላይ ይደር ወይ ብዬ ስጠይቀው ሳቀና ወደ ናፍጣዋ ተመለሰ። ከዚያ ጥሩ ወሬ ነገረኝ። ብድር ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግሽም፣ አርባ በመቶውን ክፈዪ፣ የቀረውን በሦስት ዓመት ትከፍዪኛለሽ፣ ወለዱም አሥር በመቶ ብቻ ነው አለኝ። እኔ የምቆጥብበት የብድርና ቁጠባ ተቋም አሥራ ሰባት ብሎኛል! እጄን ለመጨበጥ ዘረጋሁ። ይሄኔ ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተና «ነገ እንመለሳለን» አለ።

እቤት እስክንደርስ አላናገርኩትም። ዕድሌን ያባረረብኝ ነው የመሰለኝ። እሱ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ክርክር አይወድም፣ ገበያ ላይ ሽንኩርት እንኳ የሚገዛው በተባለው ዋጋ ነው። ጠመኔውን አወጣና በጓዳው የቆርቆሮ በር ላይ መጻፍ ጀመረ። ሻጩ አሥሩን የሚያስከፍለኝ ሦስቱንም ዓመት በመጀመሪያው ዕዳ ላይ ነው፤ ከዕዳው ግማሹን ብከፍል እንኳ ወለዱ የሚታሰበው በሙሉው ነው። ተቋሙ ግን ወለድ የሚያስበው በቀረው ዕዳ ላይ ብቻ ነው። ግማሽ ጆንያ ጭነሽ የሙሉ ጆንያ ማጓጓዣ እንደ መክፈል ነው አለኝ፣ እንዲገባኝ ብሎ በእኔው ቋንቋ። ሲደመር አሥሩ ከአሥራ ሰባቱ በልጦ ተገኘ። አላመንኩም፣ ሁለት ጊዜ አስደመርኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ የእኔዋ ግን ልትፈስ ስትል ነው የተያዘችልኝ።

በማግስቱ ተቋሙ ሄድኩ። የብድር ሠራተኛዋ ወጣት ናት፣ ግን ፊቷ የማይፈታ። ወለዱ ከላይ የመጣ ነው፣ አይነካም አለችኝ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ብዬ የቁጠባ ደብተሬን ዘረጋሁላት፤ ስድስት ዓመት፣ አንድም ወር ያልተዘለለ። ገባች፣ ወጣች፣ ለነባር ቆጣቢ ግማሽ በመቶ ይቀነሳል ተባለ። ወዲያው ሌላውን ቀጠልኩ። በየወሩ እኩል ክፈዪ ትሉኛላችሁ፣ በዚህ አገር ግንቦት ላይ ገንዘብ ያለው ማን ነው? ቡና አንዴ ነው የሚከፍለው። ዋናውን በታኅሣሥና በጥር ልክፈል፣ በሌሎቹ ወራት ወለዱን ብቻ እያመጣሁ አልኳት። አሁንም ገባች፣ ይሄኛው ቆየ። ስትወጣ ይቻላል አለች፣ ግን ከምናስይዘው ቤት ሌላ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ የመኪናዋ ዋጋ የተዘረዘረበት ፕሮፎርማና ለሦስት ዓመት ቡናውን ለእኔ እንደሚሸጥ የሚፈርም አንድ ገበሬ። ልጅቷን ልስማት ምንም አልቀረኝ።

ገበሬውን ለማግኘት ማሰብ አላስፈለገኝም። በሸኮ በኩል ስምንት ዓመት ሙሉ ቡናቸውን ለሌላ ሰጥተው የማያውቁ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ አባባ ነው የምላቸው። ብዙ አይናገሩም። በቀጠሮው ቀን ቦቲያቸውን አጥበው፣ ኮት ደርበው መጡ። ፕሮፎርማውን ተቀብለን አብረን ወደ ተቋሙ እንድንሄድ መጀመሪያ ሻጩ ዘንድ ወሰድኳቸው።

ፕሮፎርማው ላይ ከመኪናዋ ዋጋ በታች ያልተነጋገርንባቸው መስመሮች ተደርድረዋል። የሰሌዳና የሊብሬ ማስፈጸሚያ አለ፤ ይሁን። የወንበር ልብስና ምንጣፍ አለ፤ ይቅርብኝ ብዬ አሰረዝኩት። ሦስተኛው «የአያያዝና የዝግጅት» ይላል፣ አርባ አምስት ሺህ ብር። ምን ተይዞ ምን ተዘጋጅቶ ነው አልኩት።

«እህቴ፣ ይሄን ሁሉም ሰው ይከፍላል። አሠራሩ እንደዚህ ነው» አለኝ።

አባባ ከኋላዬ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። በቤንችኛ፣ ሻጩ በማይሰማው ቋንቋችን፣ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ይሄማ የጆንያው ኪሎ ነው» አሉኝ።

ፊቴ ጋለ። እሸት ስመዝን ከእያንዳንዱ ጆንያ ሁለት ኪሎ እቀንሳለሁ፣ ለጆንያው ክብደት ብዬ። ባዶ ጆንያ ሁለት ኪሎ እንደማይመዝን እኔም አውቃለሁ፣ ገበሬውም ያውቃል። ሥራውን ያስተማሩኝም እንደዚያው ይቀንሱ ነበር። የሚጠይቀኝ ገበሬ ሲገኝ መልሴ ያው አሁን ሻጩ ያለኝ ነው፣ ቃል በቃል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የምትባለው እኔው ነበርኩ።

ግን ሐፍረት አንደበቴን አይዘጋውም፣ እንዲያውም ያባብሰዋል። ሻጩን ዝግጅቱን አሳየኝ አልኩት። መኪናዋ ታጥባለች አለ። ዝናቡ ነው ያጠባት አልኩት። ዘይቷ ታይቷል አለ። ማየት ስንት ነው አልኩት። ከጅማ እዚህ ድረስ የመጣችበትን ናፍጣ ሲያነሳ፣ የእሱን ደረሰኝ አምጣና እከፍላለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ከምሳ በፊት መስመሩ ተሰረዘ፤ ለናፍጣው በደረሰኙ ልክ ተጻፈ፣ የጭነት ሸራ በነጻ ተጨመረልኝ። በደስታ መሬቱን የምረግጠው አልመሰለኝም። ተቋሙ እስክንደርስ ለባለቤቴ በስልክ እየጮኽኩ ነበር የማወራው፤ የሚያስተምረውን የክረምት ትምህርት አስፈቅዶ እዚያው ጠበቀን።

ሠራተኛዋ ወረቀቱን አባባ ፊት አኖረች። እስክሪብቶውን አነሱ፣ አልፈረሙም። አሁን በአማርኛ ነው የተናገሩት፣ ሁሉም እንዲሰማ።

«የእኔንስ ጆንያ መቼ ነው የምትመዝኚው?»

መጀመሪያ ተናደድኩ፣ አልዋሽም። ይሄን ሊያደርጉ የመረጡት ቀን! ከዚያ ነጋዴነቴ መጣ፤ አንድ ኪሎ ብቻ ልቀንስ አልኳቸው። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መለሱት። እሳቸው ካልፈረሙ ብድሩ የለም፣ ብድሩ ከሌለ መኪናዋ የለችም፣ መስከረም ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ባለቤቴን አየሁት። ጫማውን አላየም፤ እኔን ነበር የሚያየኝ።

«ባዶውን መዝኚ። ያለውን ቀንሺ» አሉ አባባ። «የእኔን ብቻ አይደለም፣ የሁሉንም።»

ሁለት ኪሎ፣ በየጆንያው፣ የሁሉንም። የትርፌ ደህና ቁራጭ እንደሄደ እዚያው ቆሜ አሰላሁት። መኪና ካልተከራየሁ ግን ይሸፈናል። ደግሞም ጠዋት ሻጩን የሞገትኩበትን አፌን የት ልደብቀው? እሺ አልኳቸው። ፈረሙ፣ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ፊደል እየተጫኑ።

መስከረም ሲገባ መጀመሪያ የሄድኩት እሳቸው ግቢ ነው። ጭቃው እንዳለ ነው፤ መኪናዋ ግን አንዴም አልቆመችም፣ እኔ ጋቢናው ውስጥ ብቻዬን እየዘመርኩ ነው የደረስኩት። ሚዛኔን ሰቀልኩ፣ መጀመሪያ ባዶ ጆንያ አንጠለጠልኩበት። ቀስቷ አንድ ኪሎ እንኳ አልሞላችም። ጎረቤቶቻቸው ተሰብስበው አዩ። እኔም ከቀስቷ ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

አባባ ሚዛኑን ትተው አዲሷን መኪና ዞሯት። የኋላዋ የግራ ጎማ ጋ ሲደርሱ ቆሙና በቦቲያቸው መታ መታ አደረጓት።

«በስምንት ዓመቱ የጆንያ ኪሎ፣ ይቺ ጎማ የእኔ ናት» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር መጀመሪያ ጎማዋን ነው የሚያዩት፣ ነፋሷ ጎድሎ ከሆነም ይቆጡኛል። እኔ በሕይወቴ ያልተከራከርኩበት ዋጋ የለም። በጎማዋ ግን አልተከራከርኳቸውም።