ለሕክምናዋ የተጠየቀው ዋጋ

የያዙኝ ባለቤቴን ስላጡት ነው። በመንግሥት ላይ አድሟል ተብሎ ይፈለግ ነበር። ወታደሮቹ አሰላ ያለውን ቤታችንን ፈትሸው ሲያበቁ፣ «እሱ እስኪገኝ አንቺ ትቆያለሽ» አሉኝ።

የታሰርኩበት የሴቶች ክፍል ጠባብ ነበር፤ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ በበሩ ሥር ይገባል። ውስጥ አንዲት የዲክሲስ አገር ሴት ብቻ ነበረች፤ በሸፈተ ወንድሟ ምክንያት የታሰረች።

«ነይ፣ ቦታ አለ። በግራዬ ተኚ፤ ቀኝ እጄ አይነካም።»

እጇ እስከ ጣቶቿ አብጦ የብር አምባሯ ሥጋዋ ውስጥ ሰምጧል። ሲነጋ የደረቷን ቁስል ሳጥብላት ነገረችኝ። መጀመሪያ ጡቷ ላይ ሽምብራ የምታክል ጠጣር ነገር አገኘች። አታምም ነበር። ባሏ ግን አዲስ አበባ ወሰዳት፤ ሐኪሙም «በጊዜ መጣችሁ» ብሎ ጡቷን ቆረጠው። ሁለት መከር በደህና አለፈ። ከዚያ ጠባሳው ዳር ትንንሽ እብጠት ወጥቶ ቆሰለ፣ ቀጥሎ ብብቷ ሥር ወጣ፤ በመጨረሻ እጇ አበጠ። የእስር ቤቱ ድሬሰር ፔኒሲሊን ወጋት። የቁስሉን ሽታ ቀነሰላት እንጂ እብጠቱን አልነካውም።

አንድ ቀን መቶ አለቃው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ነገ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና አለ። ወንድምሽ ያለበትን ንገሪኝና ሆስፒታል ትገቢያለሽ።»

ለእኔም እንዲህ ያለ ጥያቄ እንደሚመጣ ገባኝ። ባለቤቴ የተደበቀበትን ቤት አውቅ ነበር።

እሷ በደህና እጇ ሻሿን አስተካከለች። «ልጄ፣ ያኔ ሽምብራ አክላ ሳለች ቆርጠዋት ተመለሰች። አሁን ብብቴን ሞልታ እጄን ይዛለች። ምኑን ልትሸጥልኝ ነው?»

«ታዲያ ልትሞቺ ነው?» አላት።

«እሱን የፈጠረኝ ረቢ ያውቃል። መኪናው ላይ ለሌላ በሽተኛ ቦታ ተገኘ።»

ሲሄድ ጠየቅኋት። «እትዬ፣ የመዳን ተስፋ ቢኖርስ ኖሮ?»

«ቢኖር ይከብደኝ ነበር። ግን አልናገርም። በይ ውሃ አፍስሺልኝ፤ ልስገድ።»

እኔ ሳልፈታ ሞተች። ከዓመታት በኋላ አንድ ሐኪም ጠየቅሁ። በጊዜ ተቆርጦላቸው የሚድኑ ብዙ ናቸው አለኝ፤ አንዳንዴ ግን ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ ዘሩ ሌላ ቦታ ሄዶ ይደበቃል፤ ቢላ የሚያነሳው ያገኘውን ብቻ ነው።

እኔንም ጠየቁኝ። አልተናገርኩም። ባለቤቴ ባለፈው ዓመት በገዛ አልጋው ላይ አረፈ። ለቅሶ የሚደርሱኝ ሰዎች፣ «አስታመሽ ቀበርሽው፤ ይህም ዕድል ነው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ያችን የዲክሲስ ሴት አስታመምኳት እንጂ አልቀበርኳትም፤ የት እንዳሳረፏት እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።