የማሽላው ጉድጓድ ወለድ

ጣሊያን መተማ በገባ በሁለተኛው ክረምት ባሌን ለመንገድ ሥራ ወሰዱት። እኔ ከሁለት ልጆችና ከአንዲት እርሻ ጋር ቀረሁ። ዘር አልነበረኝም። ዝናቡ ሳያልፍ ማሽላ ካልዘራሁ ልጆቼን አዝዬ ጎጃም፣ ዘመዶቼ ደጅ መመለሴ ነበር። ከዚያ ሞት ይሻለኝ ነበር።

በመንደሩ ዘር የሚያበድሩ አንዲት ባልቴት ነበሩ። እህላቸውን በአገሩ ልማድ መሬት ቆፍረው ነው የሚያስቀምጡት። ሦስት ቁና ስጠይቃቸው፣ «በመኸር አራት ትመልሻለሽ» አሉኝ። ደሜ ፈላ።

«እማማ፣ ለባለ በሬው ጎረቤታችን አሥር ሰጥተው አሥራ አንድ ነው የሚቀበሉት! በድሃ ላይ ነው እንዴ የሚበረቱት?»

አልተቆጡም። «ነይ፣ ጉድጓዱን ራስሽ ክፈችው» አሉኝ። አፉ የተደፈነበትን ጭቃ አንስቼ ልገባ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ይተንፍስ እንጂ! የታፈነ ጉድጓድ ሰው ይገድላል።»

ቁጭ ብለን ጠበቅን። ስገባ ዳር ዳሩ ያለው እህል ሻግቷል። ያን ሁሉ ጥለን ነው ደህናው ላይ የደረስነው።

«ባለ በሬው አንዴ አስከፍቶ ጭኖ ይሄዳል» አሉ። «እናንተ ዛሬ አንዷ፣ ነገ ሌላዋ። በተከፈተ ቁጥር እርጥበትና ነቀዝ ይገባል። ዘሩን ይዞ ሱዳን የቀረውስ? ትርፏ ይህን ካልሞላች ለከርሞ ምን ላበድር ነው?»

ንዴቴ አልበረደም። «ሁላችንም ባንድ ቀን ብንወስድስ?»

ሳቁ። «ሰብስቢያቸዋ! እስኪመሽ አልደፍነውም። አንዷ ቢያቅታት ሌሎቻችሁ ከሞላችሁላት፣ ከእያንዳንዳችሁ ግማሽ ቁና ትርፍ ይበቃኛል።»

ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ከቤት ቤት ሮጥኩ። በውኃ ተራ ተጣልተን ዓመት ያላነጋገርኳት ሴት ደጅም ደረስኩ። ለእሷ ዋስ መሆን ቢከብደኝም ጠራኋት፤ ቁናዋን ይዛ ቀድማኝ ሄደች። ሁላችንም ከወሰድን በኋላ ጉድጓዱን አብረን ደፈንነው።

ዘራን፣ በቀለ። የእኔን ማሳ ግን ከርከሮ ገብቶ አጠፋብኝ። ለልጆቼ እንጂ ለዕዳ የሚበቃ አልተረፈኝም። በመክፈያው ቀን ባዶ እጄን፣ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ያቺ የተጣላኋት ሴት የራሷን ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ ከጆንያዋ እንደገና መስፈር ጀመረች።

«ይሄስ የማነው?» አሏት ባልቴቷ።

«የእሷ ነው» አለች፣ ወደ እኔ እንኳ ሳትዞር። «ሌሎቹም ይጨምሩላት። የከርሞ ዘሯን ደግሞ አይከልክሏት።»

ያን ዕለት አለቀስኩ። ጎጃም አልተመለስኩም።