ፈሪዳ ከነወንበሯ ተራራ ስትወጣ

ፈሪዳ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ቦንጋ ገበያ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ ስትሸጥ ኖራለች፤ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጀሪካን፣ ከሁሉ በላይ ግን ወንበር። ተቀምጣ መዋል ልማዷ ስለሆነ ጉልበቷ ተሳሰረ። ሐኪሙ "ካልተራመዱ ይብስብዎታል፤ ዳገት ይውጡ" አላት። ሌላ ሰው ቢሆን እስከ መነኸሪያ ደርሶ ይመለስ ነበር። እሷ ግን ለከት የላትም፤ ከቢታ ገነት በላይ ያለውን ተራራ ጫፉ ድረስ ካልወጣሁት አለች።

"በዚህ ጉልበትሽ?" አላት ባሏ ጃፈር።

"ሲያመኝ አርፋለሁ።"

"ምን ላይ?"

ፈሪዳ ዘወር ብላ ሱቋን አየች።

በማግስቱ ነጭ ወንበር አቅፋ ሚኒባስ ተሳፈረች። ቢታ ገነት ስትደርስ ማንም እንዳይስቅባት ብላ ሰው የሚያዘወትረውን መንገድ ተወችና በተራራው ጀርባ ያለውን፣ ማር ቆራጮች ብቻ የሚያውቁትን ቀጭን መንገድ ያዘች። ወንበሩን በራሷ ላይ ደፍታ ሃምሳ እርምጃ ትሄዳለች፤ ታወርደዋለች፤ ትቀመጣለች፤ ደግሞ ትነሣለች። ቀርከሃው የወንበሩን እግር እየያዘ ወደ ኋላ ይጎትታታል።

ረፋድ ላይ ተቀምጣ ላቧን ስትጠርግ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከዛፎቹ መሐል ብቅ አሉ። ጫካ ውስጥ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነው የመጡት?"

"ከየትም። የእኔ ሥራ ወንበር ነው።"

ሽማግሌው በረጅሙ ተነፈሱ። "አራት ዓመት ጠበቅን!" አሉና ወደ ታች ተጣሩ፤ "በዛብህ! ቶሎ ና! ዳኛ ተልኮልናል!"

ሽማግሌው ጋሽ ሀብተ ማርያም ይባላሉ፤ እያለከለከ የደረሰው በዛብህ የእህታቸው ባል ነው። የተጣሉት በአንድ ቀፎ ነው። ዛፉ የበቀለው በጋሽ ሀብተ ማርያም መሬት ላይ ሲሆን ቀፎው የተሰቀለበት ቅርንጫፍ ግን ወደ በዛብህ መሬት ተሻግሯል።

"ወላሂ እኔ ነጋዴ ነኝ!" አለች ፈሪዳ።

"ጨዋ ዳኛ ራሱን ዝቅ ያደርጋል" አሉ ጋሽ ሀብተ ማርያም።

ቢተዉኝ ብላ "ጫፍ ሳልደርስ ነገር አልሰማም" አለቻቸው። ጭራሽ ወንበሩን ለመሸከም ተሻሙ። በየሃምሳው እርምጃ ያስቀምጡላታል፤ እሷ እስክትነሣ እጃቸውን አጣምረው ቆመው ይጠብቃሉ።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ጉሙ የገዛ ጫማዋን እንኳ አላሳያት አለ። ፈሪዳ ተቀመጠች። ከሳሽና ተከሳሽ አይታዩም፤ ድምፃቸው ብቻ ከወዲያና ከወዲህ ይመጣል።

"ለመሆኑ ማሩን መጨረሻ የቆረጠው ማን ነው?" ብላ ጠየቀች።

"ማንም!" አለ የበዛብህ ድምፅ። "ክርክር ያለበት ንብረት ይነካል እንዴ?"

"ንቡስ አለ?"

ለካ አራት ዓመት ሙሉ ወደ ቀፎው ቀና ብሎ ያየ የለም።

ወርደው ዛፉ ሥር ቆሙ። በዛብህ ወጣና እጁን ሰደደ፤ ጮኾም መለሰው።

"ንብ የለም! አይጥ ነው ያለው!"

ጋሽ ሀብተ ማርያም ቀና ብለው ቀፎውን አዩ። "ታዲያ አይጡ የማን ነው?"

ፈሪዳ ከዚህ በላይ ትዕግሥት አልነበራትም። "የሁለታችሁም ነው! እኩል ተካፈሉ!"

ሁለቱ ተያዩ። ጋሽ ሀብተ ማርያም በፍርዱ ረኩና የበዛብህን ትከሻ ሳሙ፤ በዛብህም ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወንበሩን ግን እንድትተውላቸው ለመኗት፤ የአካባቢው ሰው ገና ብዙ ክርክር አለበትና፣ ዳኛ ባይኖርም ወንበሩ ፊት መናገር ይቀላል አሉ። ዛፉ ሥር ተወችላቸው።

ማታ ጃፈር "ጫፉ ደረስሽ?" አላት።

"ደረስኩ።"

"ምን አየሽ?"

"ጉም" አለች ፈሪዳ፤ ጫማዋን እያወለቀች። "አንድ አይጥም ለሁለት ከፈልኩ።"

አሁን በየወሩ ትወጣለች። ጉልበቷ ተሽሏታል። ልታርፍ ወንበሩ ጋ ስትደርስ ግን ወረፋ ትጠብቃለች።