ጫማቸውን ጭቃ እንዳይነካው

ሰሞኑን አዲስ ከተማ ሰፈር ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለ ዝናብ ጣለ። ሰፈርተኞቹ ከግቢው በር እስከ ድንኳኑ ድረስ ድንጋይ ደረደሩ። አንድ ሽማግሌ እየመጡ ነው፣ ጫማቸውን ጭቃ እንዳይነካው ተባለ። ገና ከበሩ አወቅኋቸው። በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበሩ።

ያኔ የጓሯችን መተላለፊያ ክረምት ሲገባ ጫማ የሚያስቀር ጭቃ ነበር። ሲሚንቶ የሚታሰብ አይደለም። እናቴ ተረከዝ የምንፈገፍግበትን ያንን ቀላል ድንጋይ ከከተማችን ሐይቅ ዳር በማዳበሪያ ከረጢት እያዘለች አመጣች። ከሥር የምድጃ አመድ ነሰነሰች፤ ከላይ ድንጋዩን ደርድራ በእግሯ ጠቀጠቀችው። የእርጥብ አመዱ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ሊቀመንበሩ አይተው አደነቁ። በሳምንቱ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ።

"የሐይቅ ድንጋይ የሕዝብ ነው" ብለው አስነቀሉት። ይባስ ብለው እናቴን፣ "አደራደሩን አንቺ ታውቂበታለሽ" አሏት። ቀኑን ሙሉ ቀበሌው ደጃፍ ተንበርክካ ስትደረድር ዋለች።

ስትመለስ፣ "አበላሽተሽ አትደረድሪላቸውም ነበር?" አልኳት በንዴት።

"ከቤታችን ይበልጥ አሳምሬ ነው የሠራሁት" አለች፣ የተላላጠ እጇን እየታጠበች። "እንግዳው ቢደናቀፍ ማንን የሚያስሩ መሰለሽ?"

ሽማግሌው ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ ክፍት ወንበር አልነበረም። ከሰው ሁሉ ቀድሜ የተነሣሁት እኔ ነኝ፤ እግሬ ይሰበር።

"ተባረኪ ልጄ" ብለው ተቀመጡ።

ጫማቸው ላይ ጠብታ ጭቃ የለም።