ቀጭኑን ድምፅ ፍለጋ

ቢምረው ከሚያዳምጠው ሙዚቃ ውስጥ የመሲንቆው ቀጭን ድምፅ መቼ እንደጠፋበት በትክክል አያውቅም። ከበሮው አለ፤ እንዲያውም ደረት ይመታል። የዘፋኙ ቃል ግን እየተቆራረጠ፣ መሲንቆው እየራቀ ሄደ። ጥፋቱን በስፒከሮቹ ላከከ።

እስራኤል አገር፣ ኔታንያ ከተማ፣ ሺኩን ቫቲኪም ሰፈር፣ ከሚስቱ ከየሺአረግ ጋር ይኖራል። በልጅነቱ ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል የመጣ ሰው ነው። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ብረት በሚጨፈልቅ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ ሲቆም ኖሯል። ማታ ማታ እስከ ወገቡ የሚደርሱት ሁለት ስፒከሮች ፊት ይቀመጥና ቀጭኑን ድምፅ ፍለጋ ያስጮኸዋል። ያን ጊዜ ከበሮው ወለሉን አልፎ ሽሎሞ ቤት ይወርዳል። ሽሎሞ ከታች ያለው ሽማግሌ ጎረቤት ነው፤ ሚስቱ የአልጋ ቁራኛ ናት። በመጥረጊያ እንጨት ጣራውን መደብደብ ሲሰለቸው አንድ ቀን ደረጃ ላይ ጠብቆ ያዘው።

«ቢምረው፣ ከእንግዲህ አልለምንህም። ሚሽታራ ነው የምጠራው» አለው።

በፈረንጆች አቆጣጠር 2015 ነበር። የእኛ የኢትዮጵያውያኑ ልጆች በፖሊስ ተማረው ሰልፍ የወጡበት ጸደይ ነውና ሚሽታራ፣ ፖሊስ፣ የሚለው ቃል በየቤታችን ይከብድ ነበር። የሺአረግ ስትሰማ የምትበላውን ትታ ተነሣች።

«ፖሊስ በሬን ሲያንኳኳ ማየት አልሻም» አለች። «ስፒከርህን ወይ ዝም አሰኘው፣ ወይ ከቤቴ አውጣው።»

ቢምረው ማዕከላዊው አውቶቡስ ጣቢያ አጠገብ ያገለገሉ የሙዚቃ ዕቃዎች ወደሚሸጠው ወደ ጊዶን ሄደ። ጊዶን የአንዱን ስፒከር ጀርባ አዙሮ አሳየው። አራት የሽቦ መግጠሚያ አለው፤ ሁለቱ ለወፍራሙ ድምፅ፣ ሁለቱ ለቀጭኑ። ለየራሳቸው አምፕሊፋየር ቢሰጣቸው ከበሮውን ዝቅ፣ መሲንቆውን ከፍ ማድረግ ይችላል። ጊዶን ሌላም ነገር ተናገረ፤ ግን አውቶቡስ እያጓራ ይነሣ ነበር። ቢምረው እንደ ልማዱ ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ሁለተኛውን አምፕሊፋየር ተሸክሞ ወጣ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የቅዳሜው ሰንበት ሳይገባ ለመጨረስ እየቸኮለ ሽቦውን ገጠመ። ከሲዲ ማጫወቻው የወጣውን መስመር ለሁለት ከፈለ፤ አንዱን ለአሮጌው፣ አንዱን ለአዲሱ አምፕሊፋየር ሰጠ። አበራው። ሙዚቃው ገና አንድ ጊዜ እንኳ ሳይመታ አዲሱ አምፕሊፋየር ቀይ መብራት አሳየና ዝም አለ። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው።

«ቤቱን ልታነድብኝ ነው?» አለች የሺአረግ ከወጥ ቤት እየሮጠች።

ሶኬቱን ነቅሎ ለጊዶን ደወለ። ስልኩን እንደ ሁልጊዜው ድምፁን ለቆ ነበርና የሺአረግም ትሰማለች።

«መግጠሚያዎቹን የሚያያይዙትን የነሐስ ቁራጮች አላወጣህም?» አለ ጊዶን። «ሁለቱ አምፕሊፋየሮች እርስ በርሳቸው እየተጋጩ ነው እኮ። ሁለት ጊዜ ነገርኩህ፤ አንተም እሺ አልክ።»

ቢምረው ተንበርክኮ ቁራጮቹን ፈታ፤ ሽቦውን ደግሞ ደጋግሞ መረመረ፤ እንደገና አበራው። የአሁኑ መብራት አረንጓዴ ነበር። ከበሮውን ዝቅ፣ ቀጭኑን ከፍ፣ ከፍ አደረገ። ከብዙ ጊዜ በኋላ መሲንቆው ተመለሰለት። ዓይኑን ጨፈነ።

የሺአረግ ግን ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ደፍናለች። ድምፁ እንደ መርፌ ይወጋ ነበር። «ቀንስልኝ!» አለች። አልዞረም። አልፋው ሄዳ ሙዚቃውን አጠፋችውና ከጀርባው ቆመች።

«ቢምረው» አለች ዝግ ብላ።

እሱ ዓይኑን እንደጨፈነ ነው።

«ቢምረው፣ የሽሎሞ ሚስት ሞተች።»

ሐሰት ነበር፤ እሱ ግን አንገቱን እንኳ አላነቃነቀም። ዓይኑን ገልጦ፣ «ለምን ቆመ? ደግሞ ተቃጠለ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የሺአረግ ዞራ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ስፒከሩ ምንም አልሆነም» አለችው ጮክ ብላ። «ጆሮህ ነው።»

ተቆጣ። ፋብሪካ ውስጥ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው አለ። ቆይቶ ቁጣው ሲበርድ እውነቱን አወጣው፤ ካወቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ማሽኑ ሲበላሽ የሚጮኸውን ደወል የሚያውቀው በሰዎች ሩጫ ነው። አለቃው ከሰማ ያስወጣዋል ብሎ ነው የደበቀው።

«እጅህን ማሽኑ ቢበላህስ ኖሮ?» አለች።

ሰንበት አልፎ እሑድ ጠዋት እሷው ይዛው ሐኪም ዘንድ ሄደች። ባለሙያዋ በማዳመጫ እያስደመጠች መረመረችው፤ ቀጭኑን ድምፅ የፋብሪካው ጩኸት እንደወሰደው፣ ከእንግዲህም እንደማይመለስ ነገረችው። ጆሮ ላይ የሚደረግ የመስሚያ መርጃ ታዘዘለት። አለቃው ወረቀቱን ሲያነብ ቢምረው ከፊቱ ቆሞ ላብ አጠመቀው። አለቃው ግን አላባረረውም፤ ወደ ዕቃ ማሸጊያው ክፍል አዛወረው። ቢምረው ከማሽን ሠራተኛነት መውረዱን እስከ ዛሬ አይወደውም።

መርጃውን ባደረገ ሰሞን የፕላስቲክ ከረጢት ሲንኮሻኮሽ እንኳ ይደነግጥ ነበር። የሺአረግ ደግሞ ጮክ ብሎ መናገር ለምዶባት በሹክሹክታ ማውራት አቃታት።

«አትጩሂ» ይላታል፤ «እሰማሻለሁ።»