ስድስተኛዋ የጳጉሜን ቀን

በክፍት ፕሮግራም ሥራ የመጀመሪያ ቀኔ አንድም መስመር ሳልጽፍ አለፈ። ሰቆጣ ባለው የጤና ቢሯችን፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ የምሳ ሰዓቴን ሌሎች የጻፉትን በማንበብ ጨረስኩ። ከሥራ ስወጣ የገባኝ ነገር ቢኖር ብዙው እንዳልገባኝ ነበር።

ወደዚያ ያደረሰኝ የሲስተር አልማዝ ስልክ ነው።

የሥራ መደቤ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ነበር። በሰቆጣ ዙሪያና በጋዝጊብላ በኩል ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች እየተዘዋወርኩ ፕሮግራም እጭናለሁ፣ ፕሪንተር እጠርጋለሁ፣ ፍላሽ ላይ ያለ ቫይረስ አጸዳለሁ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ለልጆች ክትባት አዲስ ፕሮግራም ተሰጠን። ሕፃኑን ይመዘግባል፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ያሰላል፣ የቀጠሮ ወረቀት ያትማል። ፕሮግራሙ የሚሸጥ አይደለም። በየአገሩ ያሉ ሰዎች በኢንተርኔት ተገናኝተው በጋራ ይጽፉታል፤ የተጻፈበት ኮድም ለማንም ክፍት ነው። ይህን ያኔ የማውቀው በወሬ ብቻ ነበር።

ሲስተር አልማዝ ከጤና ጣቢያዎቹ በአንዱ የክትባት ኃላፊ ናት። ሐሙስ ጠዋት ደወለችልኝ።

«ደሳለ፣ ይኼ ኮምፒውተራችሁ እናቶች ያንከራትትብኛል» አለችኝ።

«ምን አደረገ?»

«የክትባት ቀናችን ረቡዕ ነው፤ ትናንት ነበር። ዛሬ አንዲት እናት ልጅ አዝላ መጣች። ዘግይተሻል ብዬ ልቆጣት ወረቀቷን ሳየው ጥቅምት 15 ይላል። ዛሬ 15 ነው። እሷ ምን አጠፋች?»

አንድ የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ ለብዙ ልጆች ይሆናል። ከተከፈተ በኋላ በዚያው ቀን ያላለቀው ይደፋል። ልጆቹ በአንድ ቀን የሚሰበሰቡት ለዚህ ነው። ክትባቱ ያኔ እንደልብ ስላልነበረ ሲስተር ለአንድ ልጅ ብልቃጥ መክፈት አልቻለችም። እናቲቱን ለሚቀጥለው ረቡዕ ቀጥራ መለሰቻት።

እናቲቱ ንግሥት ትባላለች። አፏን የፈታችው በኽምጣና ነው፤ አማርኛውን ረጋ ብላ ትናገራለች። በኋላ ስንገናኝ እንዲህ አለችኝ፦ «አረጋዊን አክብሬ በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። ወረቀቱ ያለኝን ነው ያደረግሁ።» የሚቀጥለው ረቡዕ አልመጣችም።

ሲስተር በደወለችልኝ ማግሥት ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። እንደ ጥገና ሰው በመጀመሪያ የጠረጠርኩት የኮምፒውተሩን ሰዓት ነው። ሰዓቱ ልክ ነበር። የፈረንጁም ቀን ልክ ነበር። የሚያትመውን የእኛን ቀን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ካላንደር ጋር ሳስተያየው ግን ፕሮግራሙ በአንድ ቀን ቀድሞ አገኘሁት። መስከረምንም ጥቅምትንም እንዲሁ።

ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ባሕረ ሐሳብን በልጅነቴ አስቆጥረውኛል። ያለፈው ዓመት ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን ስድስት ሆናለች። ፕሮግራሙ የሚያውቀው አምስት ብቻ ነው፤ ዘመን መለወጫን በየዓመቱ በፈረንጁ ሴፕቴምበር 11 ያስገባል። ስለዚህ አዲሱን ዓመት አንድ ቀን አስቀድሞ ጀመረው፤ ከዚያ በኋላ የቆጠረው ሁሉ ተዛባ።

ለቡድን መሪያችን ለአቶ ሙላት ነገርኳቸው።

«ከላይ ለሰጡን አሳውቅ። አንተ አትንካው» አሉኝ። «ብትነካው ነገ የሚበላሸው ሁሉ ባንተ ይመጣል።»

«እስከዚያ እናቶቹስ?»

«በእጅ ይጻፍላቸው። ደግሞ ለመጪው መስከረም ራሱ ይስተካከላል አላልክም?»

እውነት ነው፣ በመጪው መስከረም ይስተካከል ነበር። ከዚያ ሉቃስ ዞሮ ሲፈጸም ደግሞ እንደገና ይዛባል። ላይ ላሉት አሳወቅኩ፤ መልስ አልመጣም። አንድ ቀን ፕሮግራሙን የሚጽፉት ሰዎች የሚገናኙበትን ገጽ ልክፈት ብዬ አቶ ሙላትን ጠየቅኋቸው። «በምሳ ሰዓትህ ከሆነ እኔ አላየሁም» አሉኝ። አላዩም።

በመጀመሪያ የላክሁት መልእክት ረጅም ነበር። የቀኑን ነገር አነሣሁ፤ የፕሪንተሩን መዘግየት፣ የፊደሉን ማነስ፣ የአማርኛውን ትርጉም መበላሸትም ጨመርኩ። የመለሰችልኝ ፕሪያ የምትባል ህንዳዊት ናት። አዲስ ኮድ ወደ ፕሮግራሙ ከመግባቱ በፊት ከሚያነቡት ኃላፊዎች አንዷ ነበረች። ቁጣዬን እንዳላየች አለፈችው። «በአንድ መልእክት አንድ ችግር ብቻ ጻፍ» አለችኝ። «ምን አደረግህ? ምን አየህ? ምን ማየት ነበረብህ?»

ለሦስቱ ጥያቄዎች በሦስት ዓረፍተ ነገር መለስኩ። «ችግሩ ገብቶኛል» አለች። «አንተ ታስተካክለዋለህ?»

ይህን አልጠበቅሁም። እነሱ ሠርተው ይልኩልኛል ብዬ ነበር። ቢሮ ውስጥ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፤ የእኛ ሥራ የመጣውን መጫን ነው። እሺ አልኳት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የፕሮግራሙን ቅጂ ወደ ራስህ ኮምፒውተር ታወርዳለህ። በቅጂው ላይ ትለውጣለህ። የለወጥከውን «ይህን ተቀበሉኝ» ብለህ ታቀርባለህ። ኃላፊዎቹ መስመር በመስመር ያነቡታል፤ ያልጣማቸው መስመር ሥር አስተያየት ይጽፋሉ። ትመልሳለህ፣ ታርማለህ፣ እንደገና ታቀርባለህ። እስኪቀበሉህ ድረስ የለወጥከው አንተ ጋ ብቻ ነው ያለው።

የመጀመሪያ ለውጤ አንድ መስመር ነበር፤ ከቀኑ ላይ አንድ ይቀንሳል። ሞከርኩት፣ ጥቅምት 15 የነበረው 14 ሆነ። ደስ ብሎኝ ላክሁት። ፕሪያ መለሰችው።

«ለዚህ ዓመት ይሠራል። ለሚቀጥለውስ?»

ለሚቀጥለው ያበላሸው ነበር። ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ስድስት የምትሆንበትን ሕግ ጽፌ እንደገና ላክሁ። ይህንንም መለሰችው። ልክ መሆኑን የሚያሳይ ፈተና አብሬ እንድልክ ፈለገች። ፈተና የሚሉት ሌላ አጭር ፕሮግራም ነው፤ መልሱ የታወቀ ጥያቄ ይጠይቅና የኮዱን መልስ ከዚያ ጋር ያነጻጽራል። «እኔ የእናንተን ዘመን አቆጣጠር አላውቅም» አለች። «ከእኔ በኋላ የሚመጣውም አያውቅም። ፈተናው ይንገረን።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ያስተማሩኝ እሳቸው ስለሆኑ እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ ነው የምላቸው።

«ያን የነገርከኝን የቀን ስሌት ሠርተህ ሰጠሃቸው?» አሉኝ።

«ሰጠሁ የኔታ። ሁለት ጊዜ መለሱብኝ።»

ሳቁ። «ድጓ ቤት ስንት ጊዜ ነው የምትመለስ? የጻፈ ራሱን አያርምም። አንባቢ ካገኘህ ምን ያስከፋሃል?»

«ጳጉሜን ስድስት መሆኗን በምን ላሳያቸው? እነሱ ሉቃስንም ዮሐንስንም አይቆጥሩ።»

«ልደትን ንገራቸዋ» አሉ። «በዮሐንስ ልደት የሚውለው ታኅሣሥ 28 ነው። በሌላው 29። ይህን ሕፃን ያውቀዋል።»

እኔም አውቀው ነበር፤ አላሰብኩትም እንጂ። በፈረንጁ አቆጣጠር ሁሌም አንድ ቀን ላይ ነው የሚውለው። ይህ ለፈተና የሚፈለገው ዓይነት ነገር ነው። የአራቱን ወንጌላውያን ዓመታት ልደት ጻፍኩ፤ ከዚያ ጳጉሜን ስድስትንና በማግሥቷ የሚገባውን ዘመን መለወጫ። የድሮው ኮድ ወደቀ። የእኔው አለፈ። ላክሁት።

ፕሪያ አንድ ጥያቄ ጻፈችልኝ። ጥያቄውን ያየሁት በስልኬ ነው። ከሰዓት እመልሳለሁ ስል ኔትወርክ ጠፋ።

በእኛ አገር ኔትወርክ ሲጠፋ መቼ እንደሚመለስ የሚነግርህ የለም። በዚያ ጊዜ ድምፅ አልፎ አልፎ ይሠራል፤ ኢንተርኔት ግን የለም። ወሩ ወጥቶ ሌላው ገባ። ሲመለስ ገጹን ከፈትኩ። ለጥያቄው ምላሽ ስላልተሰጠ ጉዳዩ ተዘግቷል የሚል መልእክት ጠበቀኝ። የጻፈው ሰው አልነበረም። ዝም ያለውን ሁሉ በራሱ የሚዘጋ ፕሮግራም ነው።

ኮምፒውተሩን አጠፋሁ። ይህን ሥራ ማንም አላዘዘኝም፤ ብተወውም የሚጠይቀኝ የለም። ሁለት ሦስት ቀን ተውኩት።

ከዚያ ሲስተር አልማዝ ደወለች።

«ያ ነገር ምን ደረሰ?»

«ዘጉብኝ ሲስተር።»

«እኔማ አሁንም በእስክሪብቶ እየሰረዝኩ ነው የምሰጠው። ዓመት ፈቃድ ስወጣ የተካችኝ ልጅ ሳትሰርዝ ሰጥታ፣ ይኸው ዛሬም የመለስኳቸው አሉ። ንግሥትን ታስታውሳታለህ? ጤና ኤክስቴንሽኗ ቤቷ ድረስ ሄዳ ነው ያመጣቻት። በመጨረሻ ልጁን ከተብኩት። ወረቀት ስሰጣት ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‹ወረቀቱን ተይው፣ በአፍሽ ንገሪኝ› አለችኝ።»

በዚያው ቀን በምሳ ሰዓት ለፕሪያ ጻፍኩ። ይቅርታም ምሬትም አልጨመርኩበትም። «በከተማችን ኢንተርኔት አልነበረም። የጥያቄሽ መልስ ይኸው» ብዬ መልሱን አስከተልኩ።

በማግሥቱ ጉዳዩ እንደገና ተከፈተ። ፕሪያ ከአንድ ሰዓት በላይ ቁጭ ብላ አንብባው ነበር፤ ከአስተያየቶቿ ብዛት ያስታውቃል። አንዳንድ ስሞች ይለወጡ፣ አንዳንድ ማብራሪያዎች ግልጽ ይሁኑ አለች። አረምኩ። ሌላ የማላውቀው ኃላፊም አነበበውና ተስማማ። ከዚያ ገባ። ገጹ ላይ የወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ተቀላቅሏል»።

አዲሱ ቅጂ በመሥሪያ ቤቱ መንገድ ዞሮ ደረሰን። አቶ ሙላት ፍላሹን ሲሰጡኝ «አየህ፣ ከላይ ይስተካከላል አላልኩህም?» አሉ። አዎን አልኳቸውና በሚኒባስ ወጣሁ።

ጤና ጣቢያው ደርሼ ጫንኩት። ሲስተር አልማዝ አንድ ወረቀት አሳተመች። ይዛው ካላንደሩ ጋ ሄደች፣ በጣቷ ቆጠረች፣ ሌላ አሳተመች፣ ያንንም ቆጠረች። ከዚያ እስክሪብቶዋን ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተችውና «የሚቀጥለው ይግባ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ በምሳ ሰዓት ገጹን መክፈት ልማዴ ሆነ። ትንንሽ ነገሮች አረምኩ፤ አንዳንዱ ተቀባይነት አገኘ፣ አንዳንዱ ቀረ። ዓመት አልፎ ፕሪያ አንድ ለውጥ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ያቀረበው አዲስ የገባ የኔፓል ሰው ነው። እነሱም እንደኛ የራሳቸው ዘመን አቆጣጠር አላቸው፤ የወሮቻቸው ርዝመት ከዓመት ዓመት ይለያያል። የራሱን ለማስገባት ሲል የእኔን ኮድ ፈታትቶ ግማሹን አውጥቶታል።

ስንት የለፋሁበት መስመር ጠፍቷል። ፈተናዎቹን አስኬድኳቸው። ልደት በዮሐንስ 28፣ በሌላው 29። ጳጉሜን ስድስትም አለች። ሁሉም አለፉ። የእሱ አጻጻፍ ከእኔ ያጠረና የጠራ ነበር። አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት፣ መለሰልኝ፣ ይግባ አልኩ።

ለአዲስ ገቢዎች የምነግራቸው ይህን ነው። ከገባ በኋላ ኮዱ ያንተ አይደለም። ሌላ ሰው ይለውጠዋል፣ ያሳጥረዋል፣ ያወጣዋል። ስለዚህ ከኮዱ ይልቅ ለፈተናው ተጨነቅ።