የክብሪት ማሟሻ

ስልኬ ላይ «ክፍያዎ ተሳክቷል» የሚል መልእክት በመጣ ቁጥር የእናቴ ግንባር ይናፍቀኛል። ግንባርም ይናፍቃል ወይ ትሉ ይሆናል። እኔን ይናፍቀኛል። ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው።

አየር ጤና፣ ከሚኒባሶቹ መቆሚያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሱቅ ነበራት። የቀኑን የመጀመሪያ ሽያጭ «ማሟሻ» ትለዋለች። አዲስ የሸክላ ድስት ሳይሟሽ ወጥ እንደማይሠራበት ሁሉ፣ ቀኑም ሳይሟሽ አይያዝም ባይ ናት። የመጀመሪያውን ብር ተቀብላ ግንባሯን ታስነካዋለች፣ ገዢውን ትመርቃለች፣ ሥራው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ካላሟሸች ለእኔ ለልጇ እንኳ የታክሲ አትሰጠኝም።

የሚያሟሹላት አንድ ሰው ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር። ሚስታቸው ሞተውባቸዋል፤ አባቴም ከሞተ ቆይቷል። «እግራቸው እርጥብ ነው፣ እሳቸው የመጡ ቀን ገበያው ይደራል» ትላለች እማዬ። በየጠዋቱ አንድ ክብሪት ይገዛሉ። ሲጋራ አያጨሱም። ለአንዲት ክብሪት ሩብ ሰዓት መስኮቱ ላይ ቆመው ስለ ዝናቡ፣ ከቆሼ በኩል ስለሚመጣው ሽታ፣ ስለ ዘመኑ ሾፌሮች ጥጋብ ያወራሉ። እኔ ከጓዳ ጥርሴን እየፋቅሁ እሰማቸዋለሁ። «ክብሪት እንዲህ ያስወራል እንዴ?» ስላት፣ «ዝም በይ፣ አንቺ ደረቅ» ትለኛለች።

ከዚያ እኔ ሥራ ያዝኩ። ለሰፈር ሱቆች የዲጂታል ገንዘብ መክፈያ ልትጀምር የተነሳች ትንሽ ድርጅት ናት። ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና እየዞርኩ ባለሱቆችን አስመዘግባለሁ፤ በስልክ ስካን የሚደረገውን ወረቀት መስኮታቸው ላይ እለጥፋለሁ። የመጀመሪያውን ደረቴን ነፍቼ የለጠፍኩት እማዬ ሱቅ ላይ ነው። ሾፌሩንም ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር ማዘኔ መስሎኝ፣ «አባባ፣ ከእንግዲህ ከአልጋዎ ሳይነሱ ማሟሸት ይችላሉ» አልኳቸው። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው።

ወዲያው ጉልበታቸው ባሰና ልጃቸው ከከተማው ማዶ፣ እሷ ወዳለችበት ኮንዶሚኒየም ወሰደቻቸው። ገንዘቡ ግን አልቀረም። እማዬ ሱቋን ከፍታ ትቆማለች፤ ስልኳ ጢን ይላል፤ የአንድ ክብሪት ዋጋ ገብቷል። ስልኩን ግንባሯን አስነክታ፣ ማንም በሌለበት መስኮት ምርቃቷን ታወርዳለች። ከዚያ አንድ ክብሪት አንስታ መደርደሪያው ሥር ካለው ካርቶን ውስጥ ታስቀምጣለች። የተከፈለበት ዕቃ ነዋ።

«እንግዲህ ውሰጂላቸው» እላታለሁ።

«ካርቶኑ ይሙላ።»

ሞላ። ሰፋ ያለ ሌላ ካርቶን አመጣችና ገለበጠችበት። እማዬ በንግድ ማንንም አትፈራም፤ ጅምላ ሻጮቹን ሳይቀር ታንቀጠቅጣቸዋለች። ያን አንድ በር ማንኳኳት ግን አቃታት። ሰው ምን ይላል የሚሉት በሽታ ይዟት ነው። አንድ ቀን ምንም ሳልናገራት፣ «መስኮቴን ባዶ አደረግሽው» አለችኝ። ሌላው ልጄ ሥራ ያዘችልኝ ብሎ ሲመርቅ እኔ ወቀሳ! ተናድጄ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳት። የዚያ ሳምንት ኩርፊያ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል።

ዓመት ሳይሞላ ድርጅቷ መቀጠል አልቻለችም። «ከሰኞ ጀምሮ አገልግሎቱ ይቋረጣል» ብለሽ ተናገሪ ተባልኩ። ባለሱቆቹን ሁሉ አዳርሼ እማዬን መጨረሻ አደረግኋት። ስነግራት ሽንኩርት እየመረጠች ነበር።

«ሁሉም ነው የሚቋረጠው?»

«ሁሉም።»

«የእሳቸውም?»

«የእሳቸውም፣ እማዬ።»

መምረጧን ቀጠለች፤ የበሰበሰውን ከደህናው ጋር እየቀላቀለች።

ሰኞ ጠዋት ሱቁ አልተከፈተም። ካወቅኋት ጀምሮ፣ ከለቅሶና ከዓመት በዓል ውጪ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ንጹህ ነጠላዋን ለብሳ፣ ካርቶኑን በሲባጎ አስራ በሩ ላይ ቆማለች። «ተነሽ፣ ዕቃ ሳልሰጥ የሰው ገንዘብ አልበላም» አለችኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ ካርቶኑ ከኋላ ይጫን ቢላት እምቢ አለች፤ ጭኗ ላይ አቅፋው ሄደች። ጦር ኃይሎች ወርደን ሌላ ያዝን፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ።

በሩን በምርኩዝ ተደግፈው ራሳቸው ከፈቱልን። ካርቶኑን አዩት፣ ቀና ብለው እሷን አዩዋት። እማዬ ሰላምታውን እንኳ ረስታ ንግዷን ጀመረች።

«ክብሪትዎን አምጥቻለሁ። ይቁጠሩት።»

«አልቆጥርም፣ እትዬ። የዚህ ቤት ምድጃ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ክብሪት ምን ያደርግልኛል?»

«ታዲያ ለምን ይገዛሉ?»

«ካልገዛሁማ በምን ሰበብ ያስቡኛል?»

እናቴ ካርቶኑን መሬት አስቀምጣ ነጠላዋን አስተካከለች፤ የተስተካከለውን ደግማ አስተካከለች።

«ዛሬ እኮ አላሟሸሁም» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ኪሳቸውን ዳበሱ። የተጣጠፈች አሥር ብር አውጥተው መዳፏ ላይ አደረጉላት። ብሩን ከነእጃቸው ይዛ ግንባሯን አስነካችው። እጃቸውን ቶሎ አልለቀቀችም። እኔ ፊቴን ወደ ደረጃው አዞርኩ።

ከዚያ ወዲያ፣ እስክታርፍ ድረስ፣ ሰኞ ሰኞ ሱቋ ከቀትር በፊት ተከፍቶ አያውቅም።